የጣልኳት ስስ ናስ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው፤ ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሞተር ጥቅለላ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ንጉሤ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። ጣቶቼን አገላብጠው ተመለከቱና «ቀጫጭን ናቸው፤ ለሽቦ ይሆናሉ» አሉ። የትምህርት ማስረጃዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ አልጠየቁኝም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የተቃጠለ ሞተር መፍታት ነበር። ሥራ ቤቱ ውስጥ ማዕረጉ ሦስት ነው፤ ፈቺ፣ ጠቅላይ፣ አገናኝ። ፈቺ የተቃጠለውን ሽቦ በመሮና በፒንሳ ከብረቱ ውስጥ ያወጣል፤ ሲያወጣም እያንዳንዱ ጥቅል ስንት ዙር እንዳለው ቆጥሮ ይጽፋል። ጠቅላይ በዚያው ቁጥር አዲስ ሽቦ ይጠቀልላል። አገናኝ ጫፎቹን ያገጣጥማል፣ ቫርኒሽ ያጠጣል፣ ይፈትሻል። አገናኙ ራሳቸው ጋሽ ንጉሤ ነበሩ። ፈቺው አንድ ዙር ከዘለለ ሌሎቹ ሁለቱ ቢጠበቡም ዋጋ የለውም።

ከሰዓት በኋላ «ሞተርን የሚያዞረው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«መብራት» አልኩ።

«መብራትማ አምፖል ውስጥም አለ። አምፖል ሲዞር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከመሳቢያቸው ትንሽ ኮምፓስ አወጡ። በላዩ ላይ አንድ ሽቦ ዘርግተው ጫፎቹን ከመኪና ባትሪ ጋር አነካኩ። መርፌው ዘወር አለ። ሽቦው አልነካውም፤ ንፋስም አልነበረም። ሽቦውን ከባትሪው ሲያላቅቁ መርፌው ተመለሰ፤ ገልብጠው ሲያገናኙት ደግሞ በሌላ በኩል ዞረ። ማንም ያልነካው ነገር እንደዚያ ሲታዘዝ ማየት ደስ አይልም። አማተብኩ።

«አማትቢ፤ አልከለክልሽም» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «መጀመሪያ ያየውም ሰውዬ ደንግጧል። አስተማሪ ነበር፤ ሰሜን አውሮፓ። ተማሪዎቹ ፊት ሽቦና ባትሪ ሲያሳይ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ኮምፓስ ዞረ ይባላል። ከዚያ አንድ የመጽሐፍ ጠራዥ የነበረ ሰው ነገሩን ሰማና ሽቦ በሜርኩሪ ዋንጫ ውስጥ አንጠልጥሎ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገው። ምንም ሥራ አይሠራም፤ ዝም ብሎ ይዞራል። የሞተር ሁሉ አባት እሱ ነው።»

ጋሽ ንጉሤ ሽፋኑ የወለቀ አንድ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ይህን ሁሉ ያነበቡት ከሱ ነው። ከሁሉ የምወደው ባሕር ማዶ ስለነበረ አንጥረኛ የሚነግሩኝን ነበር። ሰውዬው ከባድ ብረት የሚያነሳ ማግኔት አይቶ ገዛና ቤቱ ወስዶ ፈታው። እሱ ሲፈታ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሽቦው እንዴት እንደተጠቀለለ ትጽፍ ነበር። አዲሱን ሲጠቀልሉ ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ የሐር ቀሚሷን ቀዳ ሰጠችው። «ከፈቺዎች ሁሉ መጀመሪያ እሷ ናት» ይሉኝ ነበር ጋሽ ንጉሤ። «ቆጥራ ጻፈች። አንቺም ቁጠሪና ጻፊ።»

ሥራ በጀመርኩ በሁለት ዓመቴ ጠቅላይ ሆንኩ። አንድ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰውዬ ሞተራቸውን ሊወስዱ መጥተው እኔን ሲያዩ «ሴት ናት እንዴ የጠቀለለችው?» አሉ። ጋሽ ንጉሤ ቀና ሳይሉ «ሽቦው አልጠየቀም» ብለው መለሱላቸው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ሞተራቸው በተቃጠለ ቁጥር እኔን ይጠሩ ነበር።

ይህ ሥራ ቀስ እያለ ሰውን ያስጠረጥራል። ከተነቀለ ቆየ ያሉት የውሃ ፓምፕ ካፓሲተሩ ውስጥ በቀረው ኃይል አንዴ መትቶ ከወንበሬ ጥሎኛል። «ተነቅሏል ማለት ሞቷል ማለት አይደለም» ይላሉ ጋሽ ንጉሤ። ዓይናቸው ሲደክም አገናኝነቱን ለእኔ አስረክበው ቤታቸው ዋሉ። አራት ሠራተኛና አንድ ጥሩ ስም ተረከብኩ። ሰው «ጥሩወርቅ ጋ ውሰደው» ሲል ስሰማ ልቤ ያብጥ ነበር፤ አልዋሽም።

ሻፊን ያወቅኩት ያኔ ነው። የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ቀልደኛ፣ ስልኩ ከጆሮው የማይወርድ። ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ ሲወጣ ያለ የአንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንጻ ሊፍት በውል ይጠግን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ጠዋት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈ።

«ጥሩዬ፣ የፍሬን ማግኔት ነው። ጠቅላላ ነዷል። ማለቴ፣ ዛሬ ካልደረሰ አቶ ፍቅሩ ይበላኛል።» አቶ ፍቅሩ የሕንጻው ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

የሊፍት ፍሬን እንደ መኪና ፍሬን አይደለም። ሁልጊዜ በስፕሪንግ ተይዞ ነው የሚውለው። ሊፍቱ እንዲሄድ ሲታዘዝ ኤሌክትሪክ ወደ ማግኔቱ ይገባና ማግኔቱ ስፕሪንጉን አሸንፎ ፍሬኑን ይከፍታል። ሊፍቱ ሲደርስ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ስፕሪንጉ ፍሬኑን ይመልሰዋል። መብራት ድንገት ቢጠፋም ይይዛል ማለት ነው። ብልህ ሰው ያሰበው ነገር ነው።

ማግኔቱን ፈታሁ፣ ዙሩን ቆጠርኩ፣ ጻፍኩ። ሁለቱ ብረቶች በሚገጥሙበት ፊት ላይ እንደ ወረቀት የሳሳች ናስ ተለጥፋ አገኘሁ። ጫፏ ተቀዷል፤ የቆየ ግራሶ ለብሳለች። ከዚህ በፊት የነካው ሰው ክፍተት ሊሞላ የለጠፋት መሰለኝ። «የማን ጥፍጠፋ ነው ይሄ?» ብዬ ነቀልኳትና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አበራሁት። ብረት ከብረት ሲገጥም ፀጉር አያስገባም ነበር። ኮራሁ።

ጠቅልዬ ሳበቃ ፈተሽኩት። ኤሌክትሪክ ስሰጠው ግጥም አድርጎ ያዘ። ሳቋርጥ ወዲያው ለቀቀ። ሁለተኛ ጊዜ ትንሽ ቆይቶ ለቀቀ። ሦስተኛው ላይ በጣቴ ነካ ሳደርገው ነው የወደቀው። አየሁት። ግራሶ ነው ብዬ እንደገና ጠረግኩት። ሻፊ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ሰጠሁት። ናሷን የጣልኳት ባለማወቅ ነው። ይህንን ግን እያየሁ ነው ያለፍኩት።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ሻፊ ደወለ።

«ጥሩዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂ። ሊፍቱ በራሱ እየሄደ ነው።»

«በራሱ ማለት?»

«በቃ በራሱ። ማንም ሳይጠራው፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ላይ ይሄዳል። ቦርዱን ፈትሼዋለሁ፤ ምንም የለውም። እኔ ቆሜ ስጠብቅ ደግሞ አያደርገውም። ጠዋት ጠዋት ነው ይላሉ፤ የጽዳት ሴትዮዋ ስትሠራ።»

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። ቢሮዎቹ ገና አልተከፈቱም። ምድር ቤቱ ላይ ዘበኛው፣ ሻፊና እኔ ብቻ ነበርን። ሊፍቱ በር ፊት ያለው ወለል ርጥብ ነበር፤ ዘበኛው ጠበል መሆኑን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ከሊፍቱ በር በላይ የሚበራው ቁጥር ከአራት እየቀነሰ እኛ እስካለንበት ወረደ። በሩ ተከፈተ። አንዲት ቀጭን ሴት ባልዲ ይዘው ወጡ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘነበች ናቸው። መወልወያቸውን ውስጥ ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ነበር። ባልዲውን አስቀምጠው ሊያወጡት ዞር አሉ።

ሊፍቱ ተነሳ። በሩ እንደተከፈተ፣ ውስጡ መብራቱ እንደበራ፣ መወልወያው እንደቆመ ወደ ላይ ሄደ። የሞተር ድምፅ የለም። ገመዱ እንኳ ሲጢጥ አላለም። ወለሉ ጉልበቴ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ደረቴ ጋ። እትዬ ዘነበች እጃቸው ወደ ውስጥ ተዘርግቶ ነበር፤ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኳቸው። ከፊታችን ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ቀረ፤ ከውስጡ የሚቀዘቅዝ አየር ይወጣል። ከላይ የሆነ ቦታ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማና ሊፍቱ ቆመ።

ዘበኛው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ነበር። ያየው ግን ጉድጓዱን ሳይሆን እትዬ ዘነበችን ነው።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ እሳቸው። «እኔ ስወርድ ነው የሚሄደው። ሌላ ሰው ሲወርድ ይቆማል። አሁን አብሮኝ የሚሳፈርም የለ።»

ሻፊ ሊፍቱን እንዲዘጋው ነገርኩትና በቀጥታ ወደ ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ አወራኋቸው። ጨርሰው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የብረቱ ፊት ላይ ናስ ነበረው?»

ክው አልኩ። «ነበረው፤ ጥፍጠፋ መስሎኝ ጣልኩት» አልኩ።

«መጀመሪያ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባለው ብረት ላይ ሽቦ የጠቀለሉት ሰዎች ይህን አይተውታል» አሉ። «ባትሪውን ነቅለውት እንኳ ጫፎቹ ላይ የገጠመው ብረት አይወድቅም። ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንዴ በእጅ ካላቀቁት ግን ተመልሶ አይይዝም። ብረት ከብረት ግጥም ካለ ማግኔቱ ውስጡ ይቀራል። ስለዚህ መሃሉ ላይ ማግኔት የማይዘው ነገር ያስገባሉ፤ ወረቀት ወይም ናስ። ያቺ ናስ ክፍተት መሙያ አይደለችም። ክፍተቱ ራሷ ናት።»

የቀረውን ራሴ ደረስኩበት። በገመዱ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው ማመዛዘኛ ብረት ከባዶው ሊፍት ይከብዳል። ፍሬኑ ሳይመለስ ከቀረ ባዶው ሊፍት ወደ ላይ ይሳባል። አራት አምስት ሰው አብሮ ሲሳፈር ሚዛኑ እኩል ይሆንና ፍሬኑ ባይዝም ሊፍቱ ባለበት ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ማግኔቱ ይለቅና ፍሬኑ ይይዛል፤ ማንም ልብ አይልም። እትዬ ዘነበች ግን ብቻቸውን ነበሩ፤ ቀጭንም ናቸው። ሊፍቱ ስለሚሄድ ሰው ሸሻቸው፤ ሰው ስለሸሻቸው ሊፍቱ ይሄዳል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከስስ ናስ ቆርጬ፣ አስተካክዬ ለጠፍኩ። ሻፊ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ገጠመው። ሃያ ጊዜ ሞከርነው፤ ሃያውንም ጊዜ ወዲያው ለቀቀ።

«ለአቶ ፍቅሩ ምን እንበላቸው?» አልኩት።

«ጥሩዬ፣ ተሠራ አይደል? በቃ። ‹ተስተካክሏል› እላቸዋለሁ። ዝርዝሩን ከሰሙ የኔም ውል ያንቺም ስም አለቀ።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት መስማማት ነው።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ሻፊ ለሌላ ሥራ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ሳይቀልድ፣ «ሴትዮዋን አሰናበቷት» አለኝ።

«ለምን?»

«ሠራተኛው ከእሷ ጋር አንሠራም ብሎ ነዋ። የወጣችው ደግሞ በዚያው ቀን ነው፤ እኛ በሠራን ቀን። ሊፍቱ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ‹እሷ ወጣች፣ ሊፍቱ አረፈ› ነው የሚሉት።»

ይህን ሰምቼም ዝም አልኩ። አራት ሠራተኛ አለኝ፣ ስሜ ይጠፋል፣ አሁን ብናገር ምን ይጠቅማቸዋል አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ቃል አይቸግረውም። በሥራ ላይ ዙር መቁጠር ይጠፋብኝ ጀመር። በሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኔ ያልገጠመኝ ነገር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ባምቢስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ ከዚያ ሕንጻ እንደሆኑ ከባጃቸው አወቅኩ። አንደኛዋ ለሌላዋ «ዓይኗ ነው እኮ። ብረቱን ስታየው ነው የሚነሳው» ትላለች። «ሦስተኛ ፎቅ ያለችው እርጉዝ ታስታውሺያለሽ? እሷንም አይታት ነበር። እኔማ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እሸፍን ነበር፤ ማን ያውቃል።» ድምፃቸው የተራ ወሬ ድምፅ ነበር። እኔ ቅርጫት ውስጥ ከጣልኳት ናስ ተነስቶ ነገሩ እዚህ ደርሷል።

ሰልፉን ትቼ ጋሽ ንጉሤ ጋ ሄድኩ። ሲሰሙኝ ቆይተው «ድሮ ቡዳ የሚባለው ብረት ቀጥቃጩ ነበር» አሉ። «በዚያ ዘመን ቢሆን እኔንና አንቺን ነበር የሚሉን። አሁን ሥራውን አንቺ ሠራሽ፣ ስሙን እሳቸው ወሰዱ።» ሌላ አልጨመሩም። ባይሰድቡኝም ከስድብ በላይ አቃጠለኝ።

በማግስቱ የፍሬን ማግኔት፣ ባትሪና ስስ ናስ ይዤ ወደ ሕንጻው ሄድኩ። ከሻፊ ጋር ተጣልተን ነበር፤ «እኔን ሳትጠይቂ» ብሎ ስልኩን ዘግቶብኛል። አቶ ፍቅሩ፣ ዘበኛውና ስድስት ሰባት የቢሮ ሰዎች የዘበኛውን ጠረጴዛ ከበቡ። ባትሪውን አገናኘሁ፤ ብረቱ ያዘ። ሽቦውን ነቀልኩ፣ ባትሪውንም ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ማግኔቱን ወደ ላይ ሳነሳው ብረቱ አብሮት ተነሳ። ምንም ሳይነካው ተንጠልጥሎ ቆየ። አንድ ሰው «በስመ አብ» አለ። በእጄ ሳላቅቀውና እንደገና ሳስጠጋው አልያዘም። ከዚያ ናሷን መሃል አስገብቼ ደገምኩት፤ ሽቦውን እንደነቀልኩ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ሊፍቱን ያስኬደው ይህ ነው» አልኩ። «ናሷን የጣልኳት እኔ ነኝ። እትዬ ዘነበች ምንም የሉበትም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አሉኝ አቶ ፍቅሩ።

«ፈርቼ ዝም ብዬ ነበር።»

የሻፊን ውል አቋረጡ፤ የእኔንም ደጃፍ ከዚያ ወዲህ አልረገጡም። እትዬ ዘነበችን ግን እንደሚያስጠሩ ቃል ገቡ። ስወጣ ዘበኛው ተከተለኝ። «ብረቱ ውስጥ የቀረው ነገር ምንድን ነው አልሽ?» አለኝ። «ማግኔት» አልኩት። «እሱስ ምንድን ነው?» አለ።

እትዬ ዘነበች የሚኖሩት ቂርቆስ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ሲከፍቱ ነጠላቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዶ ነበር፤ ሲያናግሩኝም የሚያዩት እግሬን ነው። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ናሷን፣ ሦስተኛውን ፍተሻ፣ የዝምታዬን ሦስት ሳምንት። አልተቆጡም። ናሷን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሷት።

«ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩ።

«ሌላ ሰው ብቻውን ቢሳፈር ኖሮም ይሄድ ነበር?»

«ይሄድ ነበር። እኔም ብሆን።»

ናሷን መለሱልኝ። ከዚያ «ልጄ ከወለደች ወር ሊሞላት ነው» አሉኝ። «ደምበል ጀርባ ናት፤ በእግር የሚደረስ ነው። አልሄድኩም። ሰዉ ሁሉ ሲለኝ እኔም ምናልባት እውነት ይሆናል አልኩ። ሕፃኑን አይቼው አንድ ነገር ቢሆንስ? የገዛ ዓይኔን ፈራሁት። እሷም ወሬው ደርሷት ነው መሰለኝ፣ አልጠራችኝም።»

አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡና «ነይ፤ ልጄ ፊት ቆመሽ ንገሪልኝ» አሉ።

በእግር ሄድን። ልጅቷ በሩን ከፍታ እናቷን ስታይ የመጀመሪያ ሥራዋ የሕፃኑን ፊት በጋቢ መሸፈን ነበር። አይቻታለሁ፤ እሳቸውም አዩ። ደጃፉ ላይ ቆመን ተናገርኩ፤ ስሜን፣ ሥራዬን፣ የጣልኩትን፣ የደበቅሁትን። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እናቷን አየች። ከዚያ ጋቢውን ገለጠችው። እትዬ ዘነበች ከደጃፉ ሳይነቃነቁ «ልየው?» ብለው ጠየቁ።

«እዪው እማዬ» አለቻቸው።

እኔ እዚያ ላይ ትቻቸው ሄድኩ።

አቶ ፍቅሩ ቃላቸውን ጠብቀው አስጠሩ፤ እትዬ ዘነበች ግን ወደ ሕንጻው አልተመለሱም። «ሊፍቱን አልፈራውም፤ ሰዎቹን ነው» ብለው ላኩባቸው። ሻፊ አንድ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያወሩት ሴቶች እውነቱን ይስሙ አይስሙ አላውቅም።

ይህን ሥራ ለምትማሩ የምለው ይህ ነው። ከማሽን ላይ ያወጣችሁት ነገር ምን እንደሚሠራ ሳታውቁ አትጣሉት። ከተሳሳታችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ። እኔ ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ።